«ቅርብ ኀላፊ» ምን ያህል ቅርብ ነው? ስለ እንግሊዝኛ «ፐርፌክት» ጊዜያት የአማርኛ አቻ አሰጣጥ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

የእንግሊዝኛን የግሥ ጊዜያት በአማርኛ ለማስረዳት ከትምህርት ቤት ጀምሮ በብዙዎቻችን አእምሮ የተቀረጸ አንድ ሠንጠረዥ አለ። በግራ በኩል «ሲምፕል ፓስት»፥ «ፕረዘንት ፐርፌክት»፥ «ፓስት ፐርፌክት» እና «ፊውቸር ፐርፌክት» የሚሉት ስሞች በተርታ ይቆማሉ፤ በቀኙ ደግሞ «በላ»፥ «በልቷል»፥ «በልቶ ነበር» እና «በልቶ ይሆናል» የሚሉት ቅርጾች በትይዩ ይቀመጣሉ። ለሁለተኛው «ቅርብ ኀላፊ»፥ ለሦስተኛው «ሩቅ ኀላፊ» የሚል ስያሜ ይሰጣል። ሠንጠረዡ ለዐይን የተስተካከለ፥ ለማስታወስም የቀለለ ነው። ለትርጉም ሥራና ለመዝገበ ቃላት ዝግጅት ግን አሳሳች መስሎ ይታየናል።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የሠንጠረዡ ጉድለት ከምን እንደ መነጨ ማሳየት ነው። ሐሳባችንን በአጭሩ ለማስቀደም፥ ጉድለቱ ያለው በስያሜው ውስጥ ነው። «ቅርብ» እና «ሩቅ» የሚሉት ቃላት በድርጊቱና በተናጋሪው መካከል ያለውን የጊዜ ርቀት ይለካሉ። የእንግሊዝኛ «ፐርፌክት» ግን ርቀትን አይለካም። ስያሜው ያልሆነውን መለኪያ ስለሚሰጥ፥ ተማሪውም ተርጓሚውም በዚያው መለኪያ እየሠራ ይሳሳታል።

2. መለኪያው ርቀት አይደለም

ሁለት ምሳሌዎችን እናነጻጽር። ከሁለት ደቂቃ በፊት ከቢሮ ስለ ወጣ ሰው እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሂ ሌፍት ቱ ሚኒትስ አጎ» ይላል። «ሂ ሃዝ ሌፍት ቱ ሚኒትስ አጎ» ቢል ዐረፍተ ነገሩ ይበላሻል። በአክሱም ቆሞ ስለሚገኘው የዔዛና ሐውልት ሲናገር ደግሞ «ዘ ስቲሊ ሃዝ ስቱድ ፎር ኦቨር 1,600 ይርስ» ይላል። እንግዲህ ሁለት ደቂቃ ያለፈው ድርጊት ተራውን ኀላፊ ሲወስድ፥ ከ1,600 ዓመት በላይ የተሻገረው «ቅርብ» የሚባለውን ወሰደ። ቅርበት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ምርጫው የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? ሃንስ ራይኸንባኽ እ.ኤ.አ. በ1947 በታተመው የሥነ አመክንዮ መጽሐፉ ጊዜያትን ለመተንተን ሦስት ነጥቦችን ለየ፤ እነዚህም ድርጊቱ የተፈጸመበት፥ ንግግሩ የሚነገርበት፥ እንዲሁም ተናጋሪው ቆሞ የሚመለከትበት ነጥብ ናቸው። በ«ሲምፕል ፓስት» የመመልከቻው ነጥብ ከድርጊቱ ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ተናጋሪው ዐይኑን ባለፈው ጊዜ ላይ ይተክላል። በ«ፕረዘንት ፐርፌክት» ግን ድርጊቱ ወደ ኋላ ቢቀርም የመመልከቻው ነጥብ ከንግግሩ ጊዜ አይነቃነቅም፤ ተናጋሪው አሁን ላይ ቆሞ ያለፈው ነገር እርሱ ዘንድ የደረሰበትን መንገድ ይመለከታል። ኦቶ የስፐርሰንም እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመው «ዘ ፊሎሶፊ ኦፍ ግራመር» ይህንን ቅርጽ ከአሁን ጊዜ ወገን ማየቱ በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግሊዝኛ «ፕረዘንት ፐርፌክት»ን ከ«የስተርደይ»፥ ከ«ላስት ዊክ»፥ ከ«ኢን 1896» እና ከ«አጎ» ጋር አጣምሮ የማይቀበለውም ስለዚህ ነው። እነዚህ ተውሳከ ግሦች የተዘጋ ጊዜ ይጠቁማሉ፤ ቅርጹ ደግሞ ጊዜው እስከ አሁን ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ለምን እንደሚጋጩ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። ቮልፍጋንግ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት ነገሩን በርእሱ ጭምር «እንቆቅልሽ» ብሎ ጠርቶታል። ለተርጓሚ ግን ተግባራዊው ሕግ ግልጽ ነው፤ የተዘጋ ጊዜ ከተጠቀሰ፥ ወይም ሳይጠቀስ ከታሰበ፥ «ሲምፕል ፓስት» ይገባል።

3. የአማርኛው ቅርጽ በሌላ ሕግ ይኖራል

«መጥቷል»፥ «ደርሷል»፥ «ጽፈዋል» የሚለው ቅርጽ ከቦዝ አንቀጽና ከ«አለ» የተገነባ ስለ ሆነ፥ እርሱም ያለፈውን ከአሁን ጋር ማያያዙ አይካድም። የሠንጠረዡ ደራስያን ከ«ፕረዘንት ፐርፌክት» ጋር ያጋጠሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ተመሳሳይነት አንድነት አይደለም፤ ልዩነቱንም በሦስት ነጥቦች ማሳየት ይቻላል።

ሀ) የአማርኛው ቅርጽ የተዘጋ ጊዜን አይጠላም። «ደብዳቤው ትናንት ደርሷል» ማለት የተለመደ ነው። «የዓድዋ ጦርነት በየካቲት 1888 ዓ.ም. ተካሂዷል» ቢባል የሚደናገጥ አማርኛ ተናጋሪ አይኖርም። ስለዚህ «ቅርብ ኀላፊ» የሚለው ስያሜ ለራሱ ለአማርኛውም አይበቃም ማለት ነው፤ 1888 ቅርብ አይደለምና። በዚህ ረገድ አማርኛ ብቻውን አይደለም። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛም ከረዳት ግሥ ጋር የተሠራውን ኀላፊ ከ«ትናንት» ጋር ያለ ችግር ያጣምራሉ። ጠባዩ የሚለየው እንግሊዝኛ ነው። «ዘ ባትል ኦፍ አድዋ ሃዝ ቴክን ፕሌስ ኢን 1896» የሚል ትርጉም የሚወለደው፥ «ተካሂዷል» የሚለውን ቅርጽ አይቶ ዓመተ ምሕረቱን ካለማየት ነው።

ለ) የአማርኛው ቅርጽ ስለ ባለቤቱ ሕይወት አይጠይቅም። «ሀዲስ አለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ጽፈዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ያው ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ «ሃዝ ሪትን» ቢባል ግን አንባቢው ደራሲው በሕይወት እንዳሉ ይገምታል፤ ድርጊቱ ሊደገም የሚችልበት ጊዜ አልተዘጋም ማለት ነውና። ስለዚህ «ሮት» መባል አለበት። ስለ መጽሐፉ ስንናገር ነገሩ ይለወጣል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ እስከ ዛሬ ይነበባልና «ዘ ኖቨል ሃዝ ቢን ሬድ ኤቨር ሲንስ» ማለት ያምራል። አንድ ደራሲና አንድ መጽሐፍ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጊዜያት ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሐ) የአማርኛው ቅርጽ ብዙ ጊዜ ድርጊትን ሳይሆን አሁን ያለ ሁኔታን ይናገራል። «ተኝቷል»፥ «ቆሟል»፥ «ተቀምጧል»፥ «ደክሞኛል»፥ «ርቦኛል»፥ «ገብቶኛል» ሲባል እንግሊዝኛው በአብዛኛው «ኢዝ ስሊፒንግ»፥ «ኢዝ ስታንዲንግ»፥ «አይ አም ታየርድ»፥ «አይ አንደርስታንድ» የሚለውን የአሁን ጊዜ ይፈልጋል። «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ብሎ «ተኝቷል»ን መተርጐም፥ ተኝቶ የነቃ ሰው እንጂ አሁን በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አያመለክትም።

ከዚህ ላይ ተራውን ኀላፊም በአንክሮ ማየት ይገባል። የተጠራ ልጅ ገና ከመቀመጫው ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። ቅርጹ ኀላፊ ነው፤ ድርጊቱ ግን ገና ነው። የአማርኛ ግሥ ቅርጾች ከጊዜ ይልቅ የድርጊቱን መፈጸምና አለመፈጸም እንደሚመለከቱ ይህ ዕለታዊ ቃል ብቻውን ይመሰክራል። ስለዚህ ቅርጽን ከጊዜ ስም ጋር አንድ ለአንድ ማሰር ከጅምሩ አያዋጣም።

4. አንድ የእንግሊዝኛ ቅርጽ፥ አራት የአማርኛ አገባቦች

ጄምስ ማኮሊ እ.ኤ.አ. በ1971፥ በርናርድ ኮምሪም እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሟቸው ሥራዎች የ«ፕረዘንት ፐርፌክት»ን አገልግሎቶች በአራት ከፍለዋቸዋል። ስሞቻቸው ቢለያዩም ክፍፍላቸው እጅግ ይቀራረባል። ለእኛ ትኩረት የሚሻው ነገር፥ እንግሊዝኛ በአንድ ቅርጽ የሚያጠቃልላቸውን እነዚህን አራት ፍችዎች አማርኛ በአራት ልዩ ልዩ አገባቦች መለየቱ ነው።

አንደኛ፥ ውጤቱ አሁን ያለ ድርጊት። «ሺ ሃዝ ሎስት ኸር ኪይ» ስንል ቁልፉ እስከ አሁን አልተገኘም። አማርኛው «ቁልፏ ጠፍቶባታል» ይላል። ሠንጠረዡ የሚሠራው ከዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱም ይህንን አንዱን ክፍል እንደ ሙሉ መቍጠሩ ነው።

ሁለተኛ፥ ልምድ። «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ላሊበላ?» የሚለውን አማርኛ «ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?» ይለዋል። ቦዝ አንቀጽ ከ«ያውቃል» ጋር ተጣምሮ ልምድን ብቻ ለይቶ ያመለክታል። እንግሊዝኛ ይህንን ከውጤት የሚለየው በግሡ ምርጫ ነው፤ «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ላሊበላ» ቢባል ሄዳ ተመልሳለች፥ «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ላሊበላ» ቢባል ግን ሄዳለች፥ አሁንም እዚያው ናት ወይም በመንገድ ላይ ናት። «ሄዳ ታውቃለች»ን «ሃዝ ጎን» ብሎ የተረጐመ ሰው ከፊቱ የተቀመጠችውን ሴት ላሊበላ አስቀራት ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ቀደም ብሎ ተጀምሮ አሁንም የሚቀጥል ሁኔታ። «ዊ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ለሚለው አማርኛው «እዚህ ስንኖር ዐሥር ዓመታችን ነው» ወይም «እዚህ መኖር ከጀመርን ዐሥር ዓመት ሆነን» ይላል። ልብ እንበል፤ ከሁለቱም አገባቦች ውስጥ «ኖረናል» የሚለው ቃል የለም። ተማሪዎቻችን «ዊ ሊቭ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ወይም «ዊ አር ሊቪንግ ሂር ፎር ቴን ይርስ» እያሉ የሚጽፉበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል። «ስንኖር» እና «ነው» አሁንን ስለሚያሰሙ፥ «ቅርብ ኀላፊ» የተባለው ሳጥን ፈጽሞ አይታወሳቸውም። ስሕተቱ የስንፍና ሳይሆን የስያሜው ውጤት ነው።

አራተኛ፥ ትኩስ ድርጊት። «ሂ ሃዝ ጀስት አራይቭድ» የሚለው በአማርኛ «ገና አሁን መድረሱ ነው» ይባላል። «ቅርብ» የሚለው ቃል በእውነት የሚስማማው ለዚህ ክፍል ብቻ ነው፤ ይህ ክፍል ግን በአማርኛ «ቅርብ ኀላፊ» የሚባለውን ቅርጽ ሳይሆን ስመ ግሥን ከ«ነው» ጋር መምረጡ የሠንጠረዡን ድክመት ያጎላዋል።

ለዜና ተርጓሚዎች አንድ ማስገንዘቢያ እንጨምር። የእንግሊዝኛ ዜና ብዙ ጊዜ አዲሱን ነገር በ«ፕረዘንት ፐርፌክት» ያበሥርና፥ ዝርዝሩን ቀንና ቦታ እየጠቀሰ በ«ሲምፕል ፓስት» ይቀጥላል። የአማርኛ ዜና ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ገልጸዋል»፥ «አስታውቀዋል»፥ «ተናግረዋል» ሊል ይችላል። ይህንን ሁሉ «ሃዝ ስቴትድ»፥ «ሃዝ አናውንስድ»፥ «ሃዝ ሰይድ» እያሉ መከተል፥ ቀኑ እየተጠቀሰ ሳለ ጊዜውን ክፍት አድርጎ መተው ይሆናል።

5. አማርኛ ልዩነቱን የሚተውባቸው ቦታዎች

እስከ አሁን አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የሚለይባቸውን ቦታዎች አየን። የሚከብደው ተቃራኒው ነው፤ አማርኛ ዝም በሚልበት ቦታ እንግሊዝኛ ምርጫ ያስገድዳል።

የመጀመሪያው ቦታ አሉታ ነው። «መጥቷል» የራሱ የሆነ አሉታ የለውም። «መጣ»ም «መጥቷል»ም ሲፈርሱ የሚገናኙት «አልመጣም» በሚለው በአንዱ ቅርጽ ላይ ነው። ስለዚህ «አልመጣም» «ሂ ዲድ ኖት ካም» ነው ወይስ «ሂ ሃዝ ኖት ካም»? ቅርጹ አይነግረንም። «ትናንት አልመጣም» ከሆነ የመጀመሪያው ነው፤ «ገና አልመጣም» ከሆነ ሁለተኛው ነው። ምንም ተውሳከ ግሥ ከሌለ ተርጓሚው ከዐውዱ ሌላ ዳኛ የለውም። «ዛሬ ጠዋት አላየሁትም» የሚለውን እንመልከት። ተናጋሪው ይህን ሲል ገና ጠዋት ከሆነ «አይ ሃቭ ኖት ሲን ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ይባላል፤ ጠዋቱ አልተዘጋምና። ከሰዓት በኋላ የተናገረው ከሆነ ግን «አይ ዲድ ኖት ሲ ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ይሆናል። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተናጋሪው ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ጥገኛ ሐረግ ነው። «መጥቷል» የሚለው ቅርጽ «የ» አይቀበልም፤ «የመጣው ሰው» እንላለን እንጂ ሌላ አማራጭ የለንም። ስለዚህ «የመጣው ሰው» «ዘ ማን ሁ ኬም» ወይም «ዘ ማን ሁ ሃዝ ካም» ሊሆን ይችላል። በተለይ የሕግና የአስተዳደር ጽሑፎች በዚህ ዐይነት ሐረግ የተሞሉ ናቸው። «የተፈረደበት ሰው» ሲል አንድ ደንብ ቀድሞ የተፈረደበትን አንድ የታወቀ ሰው ነው የሚናገረው፥ ወይስ እስከ አሁን በማናቸውም ጊዜ ተፈርዶበት የሚያውቅን ሁሉ? እንግሊዝኛው «ሁ ዎዝ» እና «ሁ ሃዝ ቢን» ብሎ ሊለየው ስለሚችል፥ ተርጓሚው መወሰኑ አይቀርለትም።

ሠንጠረዡ ስለ እነዚህ ሁለት ቦታዎች አንድም ቃል አይናገርም፤ አዎንታዊውን ዋና ዐረፍተ ነገር ብቻ አሰልፎ ይቆማል። የተርጓሚው ትልቁ ድካም ግን ከዚህ ውጭ ነው።

6. «በልቶ ነበር» እና «በልቶ ይሆናል»

«ፓስት ፐርፌክት» ሌላ ያለፈ ድርጊት ይፈልጋል። «ዌን ዊ አራይቭድ፥ ዘ በስ ሃድ ሌፍት» ሲባል መድረሳችን መመልከቻው ነጥብ ነው፤ አውቶቡሱ የሄደው ከዚያ በፊት ነው። «ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» የሚለው ይህንን በትክክል ይይዛል። ነገር ግን «ነበር» በአማርኛ ብቻውንም ይቆማል፤ ያን ጊዜ የሚለው ነገር ሌላ ነው። «ቢሮህ መጥቼ ነበር፤ አጣሁህ» የሚል ሰው ከሌላ ድርጊት በፊት መምጣቱን አይደለም የሚናገረው፤ መምጣቱ ከንቱ መቅረቱን፥ ውጤቱ መፍረሱን ነው። እንግሊዝኛው «አይ ኬም ቱ ዩር ኦፊስ፥ በት ዩ ዌር ኖት ዜር» ይላል። «አይ ሃድ ካም ቱ ዩር ኦፊስ» ተብሎ ቢጀመር፥ አንባቢው «ከምን በፊት?» ብሎ የማይመጣ ዐረፍተ ነገር ይጠብቃል። «ሩቅ ኀላፊ» የሚለው ስም ከዚህም ላይ አይረዳም። «አሁን እዚህ ነበረ፤ ተቀምጦ ነበር» የሚባለው ሰው ከወጣ አንድ ደቂቃ ላይሆነው ይችላል።

አራተኛው ረድፍ ከሁሉ ይብሳል። «በልቶ ይሆናል» በአማርኛ የወደፊት ጊዜ ሳይሆን ግምት ነው፤ «ሂ ሜይ ሃቭ ኢትን» ማለት ነው። «ፊውቸር ፐርፌክት» ግን ተናጋሪው ወደፊት ካለ ነጥብ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ የሚመለከትበት ቅርጽ ነው። «አይ ዊል ሃቭ ፊኒሽድ ባይ ዘ ታይም ዩ ካም» ለሚለው ተፈጥሯዊው አማርኛ «ስትመጣ ጨርሼ እጠብቅሃለሁ» ነው። «ጨርሼ ይሆናል» ብሎ መተርጐም የተገባውን ቃል ወደ ጥርጣሬ ይለውጠዋል፤ በውል ጽሑፍ ውስጥ ቢሆን ግዴታውን ያላላዋል። እርግጥ እንግሊዝኛውም «ዜይ ዊል ሃቭ አራይቭድ ባይ ናው» ሲል ግምትን ይገልጻል፤ ያን ጊዜ «ይህን ጊዜ ደርሰው ይሆናል» ወይም «ሳይደርሱ አይቀሩም» ትክክል ነው። መለያው ከቅርጹ ውጭ ያለው «ባይ ናው» ወይም «ባይ ዘ ታይም ዩ ካም» የሚለው ሐረግ ነው።

7. የስሕተቱ ዋጋ

ይህ ሁሉ የሰዋስው መምህራን ጭቅጭቅ ብቻ ነውን? አይደለም። በሀገራችን እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ነው፤ በውጭ ሀገር የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪም ማስረጃዎቹን እያስተረጐመ ለሐኪም፥ ለፍርድ ቤትና ለመሥሪያ ቤት ያቀርባል። ሁለት ምሳሌዎች ይብቁን።

«አዲስ አበባ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ጊዜ ያበቃ ኑሮን ይናገራል፤ አሁንም እዚያው ያለ ሰው «ስኖር አምስት ዓመቴ ነው» ይላልና። ይህ ቃል በመጠይቅ ቅጽ ላይ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን አዲስ አበባ ፎር ፋይቭ ይርስ» ተብሎ ቢገባ፥ እንግሊዝኛ አንባቢው ሰውየው አሁንም አዲስ አበባ እንደሚኖር ይረዳል። ቀጥሎ የሚመጣው የመኖሪያ አድራሻ ሌላ ሀገር ሲሆን የሰውየው ቃል እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ውሸት የተናገረ የለም፤ የተሳሳተው የጊዜው ምርጫ ነው። «አይ ሊቭድ» ቢባል ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

እንዲሁም «ታማሚዋ መድኃኒቱን ለሦስት ወር ወስዳለች» የሚል የሕክምና ማስረጃ ቢመጣ፥ «ሃዝ ቴክን» መድኃኒቱን አሁንም እየወሰደች እንደ ሆነ ሊያሰማ ይችላል፤ «ቱክ» ማቆሟን ይናገራል። አዲሱ ሐኪም የሚያዘው ነገር በዚህ ላይ ሊመሠረት ይችላል። የአማርኛው ጽሑፍ ካልለየው ተርጓሚው በሠንጠረዥ ተመርቶ መገመት የለበትም፤ መጠየቅ ወይም አሻሚነቱን በማስታወሻ ማመልከት አለበት።

በሌላ በኩል ማጋነንም አይገባም። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከ«ጀስት»፥ ከ«ኦልሬዲ» እና ከ«የት» ጋር «ሲምፕል ፓስት»ን በሰፊው ይቀበላል፤ «ዲድ ዩ ኢት የት?» የሚለውን የለንደን ሰው «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» ሊለው ይችላል። ስለዚህ አራሚዎች በዚህ ክፍል የተገኘውን ልዩነት ሁሉ እንደ ስሕተት ሊያሰምሩበት አይገባም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት የተዘጋ ጊዜ ሕግ ግን አይነካም።

8. ስለ ስያሜውና ስለ መዝገበ ቃላት

«ቅርብ ኀላፊ» የሚለውን ለእንግሊዝኛው ቅርጽ አቻ ማድረጉን እንተወው ካልን፥ በምን እንተካው? «ፍጹም ጊዜ» የሚለው ከላቲኑ የምንጭ ቃል ጋር ይስማማል፤ «የተፈጸመ» ማለት ነውና። ነገር ግን «ሃቭ ሊቭድ» ውስጥ ያለው ኑሮ አልተፈጸመም፤ ስያሜው እንደገና የሚያሳስት ይሆናል። «ውጤታዊ ኀላፊ» ብንል ደግሞ ከአራቱ ክፍሎች አንዱን ብቻ እንሰይማለን።

እኛ ለውይይት የምናቀርበው «ደራሽ» የሚለውን ነው። ደራሽ ውሃ የሚባለው ከላይ ከደጋው ዘንቦ እኛ ካለንበት የሚደርሰው ነው፤ ዝናቡን አላየነውም፥ ከእግራችን ሥር ያለውን ውሃ ግን እናያለን። የእንግሊዝኛው «ፐርፌክት» ጠባይ ይኸው ነው፤ ድርጊቱ ቀድሞ የሆነ፥ ነገር ግን ከመመልከቻው ነጥብ የሚደርስ። ስያሜው ለሦስቱም ረድፎች ያገለግላል፤ ለአሁን የሚደርሰው «የአሁን ደራሽ»፥ ካለፈ ነጥብ የሚደርሰው «የኀላፊ ደራሽ»፥ ወደፊት ካለ ነጥብ የሚደርሰው «የትንቢት ደራሽ» ሊባል ይችላል። «ደራሽ» የድንገተኛነት ድምፅ አለው ተብሎ መቃወም ይቻላል፤ ሆኖም «ለችግር ደራሽ» ስንል ድንገተኛነት የለበትም፥ መድረስ ብቻ ነው ያለው። የአማርኛውን «በልቷል» በሚመለከት ግን ስያሜውን ከእንግሊዝኛው ጋር መጋራት አያስፈልገውም፤ በግንባታው «ቦዝ ከአለ ጋር» መባሉ ይበቃዋል።

ለመዝገበ ቃላትና ለመማሪያ አዘጋጆች የምናቀርባቸው አሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፥ የጊዜያት ሠንጠረዥ የግድ ከተሰጠ በእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቅርጽ ፊት አንድ ቃል ሳይሆን ቢያንስ አራቱ አገባቦች ከነተውሳከ ግሦቻቸው ይቀመጡ። ሁለተኛ፥ «ሲንስ»፥ «ፎር»፥ «ኤቨር»፥ «የት»፥ «ጀስት» እና «አጎ» የሚሉት ቃላት በመዝገበ ቃላት ውስጥ በባዶ ፍች ሳይሆን ከሚፈቅዱት የግሥ ጊዜ ጋር በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይብራሩ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዐረፍተ ነገር ዐውድ ውስጥ ማቅረቡ ለዚህ ዐይነት ሥራ የሚከተሉት አርኣያ ነው። ሦስተኛ፥ አሉታውና ጥገኛው ሐረግ ለብቻቸው ይታዩ፤ አማርኛው የሚዘጋጀው ለተርጓሚ ከሆነ «አልመጣም» በሁለት ፍች መመዝገቡ ግድ ነው።

ተርጓሚውም በበኩሉ የአማርኛውን ማሰሪያ አንቀጽ ዐይቶ ወደ ሠንጠረዡ ከመሮጡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፤ የተጠቀሰው ወይም የታሰበው ጊዜ ተዘግቷል ወይስ እስከ አሁን ክፍት ነው? ሁኔታው ዐብቅቷል ወይስ ይቀጥላል? ተናጋሪው ቆሞ የሚመለከተው ከየትኛው ነጥብ ላይ ነው? መልሶቹ የሚገኙት በግሡ ጫፍ ላይ ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ ዙሪያ ነው። «ደራሽ» የሚለው ስያሜ የማይጥማቸው አንባብያን የተሻለ ቃል ቢያቀርቡ ደስታውን አንችለውም፤ አዲሱ ቃል ከርቀት መለኪያ ነጻ ይሁን እንጂ።